ሬዲዮ የተከራየው የኢትዮጵያውያን ቤት

ከታልፒዮት በሄብሮን መንገድ ወደ መሃል ኢየሩሳሌም የሚመጣ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው ከተማ የዴር ሡልጣን ገዳምን ተሳልሞ ይመለሳል። ከቅጥሩ ውጭ፣ በነቢያት መንገድ ዙሪያ የቆሙትን የአገሩን ሰዎች ቤቶች ልብ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ቤቶቹን የወለደው ችግር ነው። የዴር ሡልጣን መነኮሳት ይዞታቸውን ለማስከበር ለዘመናት ሲሟገቱ መተዳደሪያቸው የጸና አልነበረም። ስለዚህ ነገሥታቱና መኳንንቱ ከቅጥሩ ውጭ ቦታ ገዝተው ቤት ያሠሩ ጀመር፤ ኪራዩ ገዳሙን እንዲያቆም። አፄ ዮሐንስ ያስጀመሩትን የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አፄ ምኒልክ በ1893 (እንደ ሌሎቹ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር) አስፈጸሙት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት መንገድም የኢትዮጵያ መንገድ ተባለ። ዕብራይስጥን መልሶ የንግግር ቋንቋ ለማድረግ የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረው እዚሁ ነው።

ከ1925 እስከ 1928 ንግሥት ዘውዲቱ በነቢያት መንገድ ያሠሩት ሕንፃ የኢትዮጵያ ቆንስላ ነበር። ቀና ብላችሁ እዩት፤ ፊት ለፊቱ በሞዛይክ የተሠራው የይሁዳ አንበሳ ከግእዝ ጽሑፉ ጋር ዛሬም አለ።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ዛሬ ሄሌኒ ሃማልካ በሚባለው መንገድ ያለው የኢትዮጵያውያን ሕንፃ ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር የፍልስጤም ሬዲዮን ማርች 30 ቀን 1936 በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በዕብራይስጥ ሥራ አስጀመረ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሃይፋ ወርደው ኢየሩሳሌም ገቡ። ያ የፍልስጤም ሬዲዮም ቆይቶ የዚህ ሕንፃ ተከራይ ሆነ። አገራችን በጣሊያን እጅ ሳለች፣ የኢየሩሳሌም ድምፅ የሚወጣው ከኢትዮጵያውያን ጣሪያ ሥር ነበር! ይህን በትምህርት ቤት አለመማራችን ይቆጨኛል።

ቤቱ ደምም አይቷል። ኦገስት 2 ቀን 1939 ኢርጉን የተባለው የአይሁድ ታጣቂ ቡድን ስቱዲዮው ውስጥ ያጠመደው ቦምብ አንዲት አይሁዳዊትና አንድ ዓረብ ሠራተኛ ገደለ።

እንግሊዞች በ1948 ሲወጡ ኮል እስራኤል የተባለው የእስራኤል ሬዲዮ ቤቱ ገባ። ኢትዮጵያና እስራኤል በ1973 ግንኙነታቸውን ሲያቋርጡ ባንዲራችን ከከተማው ወረደ፤ ቤቶቹ ግን ቆሙ። ከዚያ በሙሴና በሰሎሞን ዘመቻ ቤተ እስራኤል የሚባሉት ኢትዮጵያውያን አይሁድ መጡ፤ ኮል እስራኤል ሬካ በተባለው ጣቢያው በአማርኛም ይናገር ጀመር። ኮል እስራኤልን ያስተዳድር የነበረው የእስራኤል ብሮድካስት ባለሥልጣን በ2017 ተዘጋ።

ከመዘጋቱ በፊት የተቀዳ የሬካ ካሴት፣ ወይም በእነዚህ ቤቶች ደጃፍ የተነሣችሁት አሮጌ ፎቶግራፍ በእጃችሁ ካለ አትጣሉት። ለልጆቻችሁ ስሙንና ዓመቱን ጽፋችሁ አቆዩላቸው፤ ቅጂውንም ለደብረ ገነት አባቶች ስጡ።