ገደል ያገደው ዓሣ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዓሣ ታሪክ ነው። ዓሣም ታሪክ አለው ወይ? አዎ፣ አለው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያላችሁ የብርን ወንዝ ታውቁታላችሁ። ብርም፣ የቡሬው ፈጣምም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ግን ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል። እንግዲህ ከብር ወንዝ አንድ ዓሣ ቢነሣ፣ ዓባይን ሽቅብ ዋኝቶ ጣና ይደርሳል? አይደርስም። ጢስ ዓባይ ላይ ይቆማል። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ውሃ ገደል ይወርዳል፤ ዓሣ ግን ገደል አይወጣም።

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። ለዓሣው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጣና በመሬትና በገደል የተከበበ ውሃ ስለሆነ፣ ለዓሣው ደሴቱ ሐይቁ ራሱ ነው።

ይህ ሐይቅ የተፈጠረው እሳተ ገሞራ የወንዙን መንገድ ስለዘጋው ነው። ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ ደርቆ ነበር። ሊቃውንት ይህን ያወቁት ከሐይቁ ሥር ጭቃ ቆፍረው አውጥተው ነው። ዝናቡ ሲመለስ ሐይቁ ሞላ።

በጣና ነጭ ዓሣ የሚባለውን ታውቁት ይሆናል። አባቱ የወንዝ ዓሣ ነው ይባላል። የአንድ እናት ልጆች አንድ ዓይነት መልክ እንደሌላቸው ሁሉ፣ ዓሣም እንዲሁ ነው። አንዱ አፉ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ሌላው ከንፈሩ ወፈር ይላል። አፈ ሰፊው ትንንሽ ዓሣ እየዋጠ ጠገበ፣ ወለደ። ከንፈረ ወፍራሙ ከሐይቁ ወለል ትል እየለቀመ ኖረ፣ እሱም ወለደ። ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ይመርጣል። እዚህ ግን የመረጠ ሰው የለም፤ የመረጠው ኑሮው ነው። በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ 15 ያህል ዝርያ ሆኑ። ከነዚህ ውስጥ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚገርመው፣ የዚህ ወገን ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርስ የሌለው አፍ አዳኝ ሆነ ማለት ነው።

ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ጣናን ጎብኝቶ ከነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹን ስም ሰጣቸው። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ሁሉንም አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጻፈ። አልፈርድበትም፤ በእርግጥም በጣም ይመሳሰላሉ። በ1990ዎቹ ናግልከርከ የተባለ የሆላንድ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሚበሉትንና የሚራቡበትን ቦታ አጥንተው፣ የተለያዩ መሆናቸውን አሳዩ።

አሁን ሩቅ አገር እንሂድ። ፊሊፒንስ በምትባል አገር፣ ሚንዳናዎ በሚባል ደሴት ላይ ላናዎ የሚባል ሐይቅ አለ። ጨው በሌለው ውሃ የለመደ ዓሣ የባሕር ጨው አያሻግረውም። ታዲያ ደሴቱ ላይ እንዴት ደረሰ? በጥንት ዘመን የዓለም ውሃ ከፊሉ በረዶ በሆነ ጊዜ ባሕሩ ዝቅ ይል ነበር፤ በደሴቶች መካከልም ርቀቱ ይጠባል። ዓሣው በዚህ መንገድ ከቦርንዮ በኩል እንደመጣ ይታመናል። ከላናዎ የሚወጣው ወንዝም እንደኛው ዓባይ ትልቅ ፏፏቴ አለው። በዚያ ሐይቅ ውስጥም ብዙ ዝርያ ተፈጠረ። ኋላ ከውጭ የመጣ ዓሣ ገባበት፤ ማጥመዱም በዛ። በ2020 ከ17ቱ የሐይቁ ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ተባለ። ስለዚህ እንዲህ በአንድ ሐይቅ የተባዛ የዚህ ወገን ዓሣ ዛሬ የቀረው ጣና ላይ ነው።

ጣናም ቢሆን አልዳነም። በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ክረምት ሲሆን ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ለወንዝ ሽቅብ ይጓዛሉ። ንጹሕ ውሃና ጠጠር ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ብርብራ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትንም አለ። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያሰክራል። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ቁጥር በ100 እጅ 75 ያህል ቀነሰ።

ዓሦቹ ከሚወጡባቸው ወንዞች መካከል ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ይገኛሉ። የሚወጡትም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው።