የዳባት መዝገብና የሩቅ ቁልፍ

ዳባት ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የግቢያችን የኅብረተሰብ ጤና ሰዎች ያንን መንገድ ጠንቅቀው ያውቁታል። በ1989 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲያችን ገና የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሳለ፣ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መመዝገብ ተጀመረ፦ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ፣ ማን መጣ። ሰው ሲሞት መዝጋቢው ለቅሶው ካለፈ በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ የሕመሙን ምልክት ይጠይቃል፤ የሞቱ ምክንያት የሚለየው ከዚያ ቃል ነው። እንግዲህ አንዲት እናት ስለ ልጇ የተናገረችው ቅጽ ላይ ይሰፍራል፤ ኋላም ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል።

ዓመቱን ልብ በሉልኝ። በዚያው 1989፣ ጥር ላይ፣ ቴሌ ኢንተርኔትን አዲስ አበባ ላይ ጀመረ። የዳባት መዝገብና የአገራችን ኢንተርኔት እኩያሞች ናቸው ማለት ነው።

ሩቅ ያለን ኮምፒውተር ከራስ ጠረጴዛ ሆኖ ማዘዝ ያኔም ይቻል ነበር። ቴልኔት ይባላል። ችግሩ፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ የሚጻፈው ሁሉ፣ ፓስወርዱም ጭምር፣ እንዳልታሸገ ደብዳቤ ነበር የሚሄደው። በ1987 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው መስመሩ ላይ አድፍጦ ፓስወርድ ሲለቅም ተደረሰበት። የዚያው ግቢ ተመራማሪ ታቱ ዩሎኔን ነገሩ ስላንገበገበው ኤስኤስኤችን ጽፎ ሐምሌ ላይ በነጻ አደለው። የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ 20,000 ያህል ተጠቃሚ በ50 አገር አገኘ። የበር ቁጥሩም ነገር ደስ ይላል፤ 21 የፋይል ማስተላለፊያ፣ 23 የቴልኔት ነበር፤ መሃል ያለው 22 ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ጠየቀ፣ ተሰጠው። በቃ፣ እንዲህ በቀላሉ! በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ፑቲና ኦፕን ኤስኤስኤች መጡ። ፑቲን፣ ሁለት ኮምፒውተር በመብረቅ የተያያዙባትን ያቺን ምልክት፣ ኮምፒውተር ላብ የገባ ሁሉ ያስታውሳታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጓጉንቸሩን ሰርቨሩ ላይ ትሰቅላላችሁ፣ ቁልፉ ከእናንተ ኪስ አይወጣም፤ ፓስወርድ በመስመር ላይ መላክ ቀረ። ዳታቤዙም በሩን ለውጭ አይከፍትም፤ ከዳባት የሚመጣው ጥያቄ በኤስኤስኤች ውስጥ እንደ ዋሻ አልፎ፣ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ከተቀመጠ ሰው የመጣ መስሎ ይደርሳል። መሃል ላይ የሚያደፍጠው የሚያየው የተመሰጠረ ዝብርቅርቅ ብቻ ነው።

ታዲያ በእኔ ግምት ትልቁ ቀዳዳ ምስጠራው ላይ አይደለም፤ ትውውቁ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ ፕሮግራሙ «ይህን ሰርቨር አላውቀውም፣ አሻራው ይህ ነው፣ ልቀጥል?» ይላል። ሁላችንም ሳናነብ እሺ እንላለን። ራሱን ጎንደር ያለው ሰርቨር አስመስሎ መሃል ላይ የተቀመጠ ካለ፣ በራሳችን እጅ አስገባነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ድምፁን የምታውቁት የሰርቨሩ ኃላፊ ጋ ደውሎ «እስቲ አሻራውን አንብብልኝ» ማለት። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ለዳባት ሰው ይህ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም፤ መዝጋቢውም በሩ የሚከፈትለት ሰፈሩ ስለሚያውቀው ነው።

ዋሻው የማያደርገው ነገርም አለ። ንግግርን ይሸሽጋል እንጂ መንገድ አይሠራም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በዚያ መስመር ብቻ ለሚሠራ ሰው የትኛውም ቁልፍ አልጠቀመም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚቀረው ፍላሽ ኪስ ውስጥ ከትቶ በሚኒባስ ወደ ጎንደር መውረድ ነው፤ ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል ካልተመሰጠረ ግን የዚያች እናት ቃል እንደገና በቴልኔት ሄደ ማለት ነው።