ተስማሚ የሰውነት ማጎልመሻ

የአካል ጉዳተኛ ተማሪ ከዳር ቆሞ ተመልካች እንዳይሆን ጨዋታው፣ መሣሪያውና ደንቡ እንደ አቅሙ ተቃኝቶ የሚሰጥ የስፖርት ትምህርት ነው፤ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ይደጋገፋል እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። ለምሳሌ በጎልቦል በየቡድኑ ሦስት ሦስት ሆነው የሚሰለፉ ማየት የተሳናቸው ተጫዋቾች ቃጭል ያለበትን ኳስ በድምፁ ተከትለው፣ መሬት ላይ ተዘርግተው በሰውነታቸው ያግዳሉ፤ ተመልካቹም ኳሱ በጨዋታ ላይ እያለ ትንፍሽ አይልም።

ይህን ትምህርት በሰሜን ሸዋ ለመስጠት የአካባቢው ብርድና ዳገት የራሱን ፈተና ይጨምራል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ብርዷ ብርቱ ነው፤ ማሟሟቂያው ረዘም፣ ዕረፍቱ ቶሎ ቶሎ ማለት ይኖርበታል። በአንኮበር ዳገት ደግሞ ለአስፋልት የተሠራ ዊልቸር ብዙም አያራምድም፤ ስለዚህ ክራንች መያዝ ለሚችል ሰው ትከሻና ክንድን ማጠንከሩ ይቀድማል።

ከትምህርት ቤት ባሻገር በአካል ጉዳተኞች ውድድር ደረጃ፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር፣ ትዕግሥት ገዛኸኝ 1,500 ሜትር ስታሸንፍ ነው።