የቆሼ ቆሻሻ መጣያ

ቆሼ (በአካባቢው ስም ረጲ) በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሰፊ የደረቅ ቆሻሻ መጣያ ነው። በይበልጥ የሚታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በደረሰው የቆሻሻ ክምር መደርመስ ነው። ለከተማ ጥናት ተማሪ ግን ሌላም ጥያቄ ያነሳል፦ ስለ ክምሩ በጥናት የታወቀው ነገር ወደ አስተዳደር ውሳኔ የደረሰው መቼና እንዴት ነው?

ታሪክ

ቦታው ቆሻሻ መቀበል የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ. 1964) ሲሆን፣ ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ከሥሩ የፍሳሽ መከላከያም ሆነ ማስወገጃ ቱቦ ሳይዘረጋለት ቆሻሻው በየቀኑ እየተራገፈ ከ30 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ኮረብታ ሆነ። ከተማዋ ስትሰፋ ቤቶች እስከ ግርጌው ተጠጉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ባለሥልጣናት ራሳቸው ቦታው እየሞላ መሆኑን ተናግረው ነበር።

ቆሼን ይተካል የተባለው ዘመናዊ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ ተከፈተ። ይሁን እንጂ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራው ቆመና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። በምህንድስና በኩል የተሟላ ዕቅድ፣ መሬቱን ከሚያርሱት ጋር ሳይስማማ ምን ያህል እንደሚራመድ ሰንዳፋ ጥሩ ማሳያ ነው።

በዓመቱ ክምሩ ተደርምሶ በግርጌው የነበሩ ቤቶችን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ብሔራዊ የሐዘን ቀናትም ታወጁ።

ከአደጋው በፊት የነበሩ ጥናቶች

ቆሼ ያልተጠና ቦታ አልነበረም። ተመራማሪዎች በዙሪያው ያለውን አፈርና ውሃ ወስደው የከባድ ብረታ ብረት ክምችት ለክተዋል። የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያዎች ደግሞ በክምሩ ላይ ፕላስቲክና ቁርጥራጭ ብረት የሚለቅሙ ሰዎችን ኑሮ፣ እንዲሁም የተለቀመው ዕቃ ወደ ገበያ የሚደርስበትን መንገድ መዝግበዋል። በከተማዋ የቆራሌው ንግድና የመርካቶው ምናለሽ ተራ የዚህ ሰንሰለት ክፍሎች ናቸው። መጣያውን መዝጋት የቴክኒክ ውሳኔ ብቻ መስሎ የሚታየው ይህን ሰንሰለት ላላየ ሰው ነው።

የፉኩኦካ ዘዴ

ጥናት በቀጥታ ወደ ተግባር የገባው ከአደጋው በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም (ዩኤን ሃቢታት) ከጃፓኑ ፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲና ከከተማው አስተዳደር ጋር፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ፣ የፉኩኦካ ዘዴ የተባለውን አሠራር በቆሼ ላይ አዋለ። ዘዴውን ዩኒቨርሲቲው ከፉኩኦካ ከተማ ጋር ያዳበረው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በከተማዋ መጣያ ላይ ሥራ ላይ ውሏል። ምርምሩ የከተማው ችግር፣ ሙከራውም የከተማው መጣያ ስለነበረ በቤተ ሙከራ አልቀረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀዳዳ ያላቸው ሰፋፊ ቱቦዎች በድንጋይ ተከበው ከቆሻሻው ሥር ይዘረጋሉ። ፍሳሹ የቱቦውን ታችኛ ክፍል ብቻ ስለሚይዝ በቀረው ክፍት ቦታ አየር ይገባል። ቆሻሻው ሲበሰብስ የሚፈጥረው ሙቀት አየሩን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስለዚህ ማራገቢያ ሞተር አያስፈልግም። አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፣ የሚወጣው ሚቴን ይቀንሳል፣ ፍሳሹም ይጠራል። እንደ ቆሼ ባለ ነባር ክምር ላይ ግን ከሥር ቱቦ መዘርጋት ስለማይቻል፣ ሥራው ቁልቁለቱን በማለዘብና ጋዝና ፍሳሽ የሚወጣበትን መንገድ በማበጀት ላይ ያተኩራል።

የኃይል ማመንጫው

ከመጣያው አጠገብ የተሠራው የረጲ ቆሻሻ ማቃጠያና ኃይል ማመንጫ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። የከተማዋ ቆሻሻ ይዘት ጥናቶች እንደሚያሳዩት አብዛኛው የሚበሰብስና እርጥበት ያለው ነው። እርጥብ ቆሻሻ ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ፣ ከየቤቱ ምን እንደሚጣል መመዘን ለማመንጫውም የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።