ዘር ጠባቂዋ ስንት ይከፈላታል?

እህቶች፣ ዛሬ ስለ ዘር ላወራችሁ ነው። ዘር ስል የሚያጣላንን ማለቴ አይደለም፤ የሚያበላንን ነው። ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ማሽላውን። እነዚህ ዘሮች እስከ ዛሬ ሳይጠፉ የቆዩት በነጻ አይደለም፤ ሒሳቡን የከፈለ ሰው አለ። ማን እንደከፈለ ሳነብና ሳጠያይቅ ያገኘሁት መልስ እኛንም የሚነካ ስለሆነ ነው የጻፍኩላችሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከምንኖርበት ከሊባኖስ ልጀምር። በበቃዕ ሸለቆ፣ ከዛህሌ ብዙ ሳይርቅ፣ ተርቦል በሚባል ቦታ አንድ የዘር ባንክ አለ። ባለቤቱ ኢካርዳ የሚባል ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉ በ1977 ተቋቁሞ ዋና ጣቢያውን የሠራው ሶርያ ውስጥ፣ ከሐለብ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ነበር። እዚያም ወደ 150,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና ሰብስቦ ነበር፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ማዳም ቤት የምናበስለው የቡርጉሉና የፉሉ ዘመድ ሁሉ እዚያ ነበር ማለት ነው። ከኛ አገር የተሰበሰበ ገብስና ባቄላም በዚህ ስብስብ ውስጥ አለ።

የሶርያ ጦርነት ሲመጣ ሠራተኞቹ ጣቢያውን ጥለው ለመውጣት ተገደዱ። ደግነቱ ከ2008 ጀምሮ የዘሩን መጠባበቂያ ኖርዌይ ውስጥ፣ ስቫልባርድ በሚባሉ በረዷማ ደሴቶች ላይ፣ ተራራ ተፈልፍሎ ወደተሠራ ማከማቻ ይልኩ ነበር። በ2015 ከዚያ ወደ 38,000 ናሙና አስመልሰው በሊባኖስና በሞሮኮ ዘሩት። ካባዙት በኋላም በ2017 መጠባበቂያውን ወደ ኖርዌይ መመለስ ጀመሩ። አያችሁ፣ ዘርም እንደ ሰው ይሰደዳል፤ በሰው አገርም እንደገና ይጀምራል።

ብዙ ሰው የዘር ባንክ ሲባል ትልቅ ፍሪጅ ብቻ ይመስለዋል። ፍሪጁ እኮ ትንሹ ነገር ነው። ዘሩ መጀመሪያ በደንብ ይደርቃል፤ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸጋል፤ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ በዚህ አገር ያ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። በየጥቂት ዓመቱ ጥቂት ፍሬ ወጥቶ ይበቅል እንደሆነ ይሞከራል። የሚበቅለው ካነሰ ማሳ ላይ ተዘርቶ፣ ከሌላው ጋር እንዳይዳቀል ተጠብቆ፣ ታጭዶ፣ ተበጥሮ እንደገና ይታሸጋል። መሬት፣ ውሃና የሰው ጉልበት ይፈልጋል፤ ደግሞም አያልቅም። እንደ ቤት ሥራ ነው፤ ዛሬ ያጸዳሽው ነገ ይቆሽሻል። ቡናና እንሰትማ ፍሪጅ ውስጥ አይቆዩም፤ ከነሕይወታቸው መሬት ላይ ተተክለው መጠበቅ አለባቸው። በጅማ በኩል ጮጬ ላይ የቡና ዓይነቶች በተክልነታቸው የሚጠበቁበት ማሳ ያለው ለዚህ ነው።

ከገንዘብ አልፎ ሕይወት የተከፈለበትም ጊዜ አለ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ ሳይንቲስት በ1927 ኢትዮጵያን እየዞረ ዘር ሰብስቧል፤ አገራችንንም ሰብሎች ከተገኙባቸው የዓለም ማዕከላት መካከል መዝግቧታል። ከ1941 ጀምሮ የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከቦ ሕዝቡን ሲያስርብ፣ የሱ ተቋም ሠራተኞች በእህል መካከል ተቀምጠው ዘሩን አልነኩም። ከመካከላቸው በረሃብ የሞቱ አሉ። ቫቪሎቭ ራሱ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

በኛ አገር የእጽዋት ዘር ማዕከል የተቋቋመው በ1976፣ በምዕራብ ጀርመን ድጋፍ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ለብዙ ዓመታት መሩት። በኛ አቆጣጠር የ77ቱ ድርቅ ሲመጣ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እስከ መብላት ደረሰ። ዘሩን የበላ ሰው ዝናብ ቢመጣም የሚዘራው የለውም። ማዕከሉ ያን ጊዜ የአገሩ ዘር ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት እየዞረ ሰበሰበ፤ በኋላም ከገበሬዎች ጋር ሆኖ በማሳቸው ላይ ማባዛት ጀመረ። ዶክተር መላኩ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ የሰበሰቡት ከማን ነው? ከገበሬ ቤት። እዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ዘሩን የሚለየው፣ የሚያደርቀው፣ በጎታ የሚከተው፣ ከነቀዝ የሚጠብቀው በአብዛኛው የሴት እጅ ነው። እናቴ አሁንም ወሎ ውስጥ ጥሩ ጥሩውን የማሽላ ራስ መርጣ፣ ጭስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ትሰቅላለች። የቱ ለእንጀራ፣ የቱ ለጠላ፣ የቱ ለቆሎ እንደሚሆን የምታውቀው ምጣዱ ፊት የምትቀመጠዋ ናት። «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ። በ1973 አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከመጣ ማሽላ ውስጥ፣ ላይሲን የሚባለው ገንቢ ንጥረ ነገር ከሌላው የበለጠባቸው ዓይነቶች እንዳገኙ ጻፉ። ያን ስም ያወጡት ሰዎች ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ምላሳቸው ነገራቸው።

ክፍያውስ ለማን ደረሰ? ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ሲያስቸግር ከ6,000 በላይ የገብስ ዓይነቶች ተፈተኑ። በሽታውን ከተቋቋሙት አብዛኛዎቹ የኢትዮጵያ ሆነው ተገኙ። የዚያ አገር ገበሬ ተጠቀመ፤ ገብሱን ያቆየችው ሴት ግን ሳንቲም አልደረሳትም። በጤፍ ላይ በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጥቅም የመጋራት ውል ተፈርሞ ነበር። ኩባንያው በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አወጣበት፤ ብዙ ሳይቆይም ከሰረ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ሌላም የማይታይ ሒሳብ አለ። የአገር ዘር የምትዘራ ገበሬ፣ ዝናቡና ማዳበሪያው በተሟላበት ዓመት ምርጥ ዘር ከዘራው ጎረቤቷ ያነሰ ልታገኝ ትችላለች። ያ የቀረባት ኩንታል ለዓለም ሁሉ የከፈለችው ነው፤ ደረሰኝ ግን የለውም። ድርቅ ወይም በሽታ ሲመጣ ደግሞ የሚፈለገው የሷ ዘር ነው። የጎደለባትን ሳይሞሉ «ዘርሽን ጠብቂ» ብሎ መምከር ዕዳውን በድሃ ትከሻ ላይ መተው ነው።

ይህን ለመረዳት እኛ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገንም። የቤት ሥራ የሚታየው ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ነው። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ጨርሶ ከሠራተኛ አልቆጠራትም። ዘር ጠባቂዋም እንደዚሁ ናት፤ ሁሉም ከሷ ይወስዳል፣ መዝገብ ላይ ግን የለችም።

የኛ መሰደድም የራሱ ዋጋ አለው። ዘር መምረጥ መማር የነበረባት ልጅ እዚህ ናት። የምንልከው ብር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይገዛል፤ ቤተሰብ መብላት አለበትና መጥፎ አይደለም። ግን ባንኩ ከረጢቱን ያስቀምጣል እንጂ የቱ ዘር ለየትኛው አፈር፣ በየትኛው ወር እንደሚሆን ያለውን እውቀት ሁሉ አያስቀምጥም። እሱ ያለው እናቶቻችን ጋ ነው።

ስለዚህ አገር ቤት ስትደውሉ «ብሩ ደረሰ?» ካላችሁ በኋላ ይህንንም ጠይቁ። ድሮ የምትዘሩት ምን ምን ይባል ነበር? አሁን የቱ ቀረ? ለምን ተዋችሁት? ስሙን ጻፉት፤ ድምጿን በስልክ ቅዱት። የምትችሉ ደግሞ ከማሳው አንድ ጥግ ለአገር ዘር እንድትተው ንገሯትና የሚጎድልባትን ሙሉላት። ይህ የኛ ዕዳ ሆኖ አይደለም። ዕዳው የመንግሥታትና ከዘሩ ያተረፉ ኩባንያዎች ነው፤ እነሱንም መጠየቅ አለብን። እነሱ እስኪከፍሉ ግን የእናቶቻችን ዕድሜ አይጠብቅም።