ቅጠሉን የፈጠረው ማን ነው? የጉንፋንና የአፍንጫ ሕመም የባህል መድኃኒት ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የክረምቱ ብርድ ሲበረታ ወይም የጥቅምት ውርጭ ሲመጣ በየቤታችን የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ያስነጥሳል፣ የሌላው አፍንጫ ይዘጋል፣ የሦስተኛው ግንባርና የዓይኑ ዙሪያ ይከብደዋል። ያን ጊዜ እናት ወይም አያት ወደ ጓሮ ወጥታ ዳማከሴ ቀጥፋ ትመለሳለች። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ወደ ሕመምተኛው አፍንጫ ታስጠጋለታለች፤ ጭማቂውንም በቡና ጨምራ ታጠጣዋለች። በምድጃው ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይፈላል፤ ሕመምተኛው ጋቢ ተከናንቦ በእንፋሎቱ ይታጠናል። ይህን ሁሉ ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው ታሪክ ያለው ነገር አይመስለንም። ነገር ግን ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ለሃይማኖት ሕይወታችን የሚያስተምረን ብዙ ነው።

በዘመናችን ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ አሳቦች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን የቅጠል መድኃኒት ሁሉ ከጥንቆላ ጋር የተያያዘ ነውና ክርስቲያን ሊነካው አይገባም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የአባቶች ጥበብ ነው» የተባለውን ሁሉ ሳይመረምር ይቀበላል፤ ወደ ሐኪም መሄድንም እንደ እምነት ጉድለት ይቈጥራል። በዚህ መካከል ብዙዎች ይጐዳሉ። እስኪ እናንተም የየትኛው አሳብ ተካፋይ እንደሆናችሁ ራሳችሁን እየጠየቃችሁ ታሪኩን አብረን እንመልከት።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መድኃኒት ምን ያስተምሩናል?

ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር የምታስገባው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነና አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። ጠቢቡ በዚሁ ምዕራፍ ሕመምተኛው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ፣ ከበደል እንዲርቅ፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ጸሎትና ሕክምና በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንጂ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማ። ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ቅዱስ ጳውሎስ በጥላው ሳይቀር ድውያንን ከፈወሰው ከቅዱስ ጴጥሮስ ጋር በአንድ ዘመን የኖረ፣ እርሱም ተአምራትን ያደረገ ሐዋርያ ነው። ይሁን እንጂ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት እንደነበር ከቈላስይስ መልእክት እንረዳለን።

ለርእሳችን እጅግ የሚቀርበው ግን በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28 የምናገኘው የገበሬው ምሳሌ ነው። ገበሬው ጥቁር አዝሙድን በከባድ መውቂያ አይወቃውም፤ በበትር ይመታዋል እንጂ። ስንዴውን በስንዴው ወግ፣ ከሙኑን በከሙኑ ወግ ይይዛል። ነቢዩም ይህን ማስተዋል ለገበሬው ያስተማረው አምላኩ እንደሆነ ይናገራል። ልብ በሉ፤ እግዚአብሔር ዘሩን ብቻ ሳይሆን የዘሩን መጠንና አያያዝ የሚለይ አእምሮም ሰጥቷል። ዛሬ በየገበያው የምንገዛው፣ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ አፍንጫ ለተዘጋበትና ራሱን ለሚያመው ሰው የሚሸተተው ጥቁር አዝሙድ ይኸው ነው።

በብራና የተጻፈው ጥበብ

በሀገራችን የመድኃኒት ዕውቀት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው። ማንበብና መጻፍ የሚችሉት በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች ስለነበሩ የዕፅዋቱን ስምና አቀማመም በብራና የጻፉልን እነርሱ ናቸው። «መጽሐፈ መድኃኒት» እና «ዕፀ ደብዳቤ» በሚል ስም የሚታወቁት በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መዛግብት የዚህ ምስክሮች ናቸው። የውጭ ሊቃውንትም መርምረዋቸዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 እ.ኤ.አ. ለኅትመት አበቃ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ የኢትዮጵያን የሕክምና ጽሑፎች አጥንቶ በ1968 እና በ1973 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ አሳተመ።

እነዚህን መዛግብት የሚያነብ ሰው ግን አንድ አስጨናቂ ነገር ያገኛል። በአንድ ገጽ ላይ ሥሩን ቈፍረህ፣ ደቍሰህ፣ በማር ለውሰህ አብላ የሚል ንጹሕ የሕክምና ምክር አለ። በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ትርጉማቸው የማይታወቅ አስማት፣ የጠልሰም ሥዕልና የክታብ አጻጻፍ ይከተላል። ስንዴውና እንክርዳዱ በአንድ ጥራዝ ተሰፍተዋል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን አይታ ዝም አላለችም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላንና አስማትን አጥብቀው እንደተዋጉ፣ በስማቸው የሚታወቀው መጽሐፈ ብርሃንም ይህንኑ ተጋድሎ እንደሚያሳይ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ተጋድሎው ግን ከቅጠሉ ጋር አልነበረም፤ ከፈጣሪ ይልቅ በስውር ስም ከሚታመነው ልብ ጋር ነበር።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ነጭ ሽንኩርት ከዝንጅብልና ከማር ጋር ሆኖ ጉንፋን ለያዘው ሰው ሲሰጥ መድኃኒትም ምግብም ነው። ያው ነጭ ሽንኩርት ከክታብ ጋር ታስሮ «ቡዳ እንዳይበላህ» ተብሎ በሕፃን አንገት ላይ ሲንጠለጠል ሌላ ነገር ይሆናል። ሽንኩርቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው እምነት ነው። ስለዚህ መለያው ቀላል ነው። ቅጠሉ የሚሠራው እግዚአብሔር በተፈጥሮው ባኖረበት ኀይል ከሆነ ማንም ቢቀጥፈው፣ በየትኛውም ቀን ቢቀጠፍ ያው ነው። ስውር ስም ካልተደገመበት፣ የጥቁር ዶሮ ደም ካልፈሰሰበት አይሠራም ከተባለ ግን ከዚያ ሽሹ።

«የአባቶች መድኃኒት» የተባለው ባሕር ዛፍ

አሁን ብዙዎችን የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። ለጉንፋንና ለሳይነስ ከሁሉ ይልቅ የምንታጠነው ባሕር ዛፍ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ተክል አይደለም። ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። የትውልድ ሀገሩ አውስትራልያ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ ሊባኖስ ሲጋደሉ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ሲነግሡ በኢትዮጵያ ምድር ባሕር ዛፍ አልነበረም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ በፍጥነት በዛ፤ በዙሪያዋ የነበረውም ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ። በእንጨት እጦት ምክንያት ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ አደገና ዋና ከተማዋ በቦታዋ ጸናች። በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንግዲህ ለማገዶ የመጣው ዛፍ ቅጠሉ ሲታሽ ሽታው አፍንጫን እንደሚከፍት ሰዎች አስተዋሉ። ቀቀሉት፣ ታጠኑበት፣ እፎይታ አገኙበት፤ ለልጆቻቸውም አስተማሩ። ዛሬ የዘመኑ ሳይንስ በነጩ ባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ ሲኒዮል የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት እንዳለ ያስረዳል፤ ያ የሚታወቀው ጠንካራ ሽታም ከእርሱ ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አባቶቻችን መድኃኒትን የተቀበሉት ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። አዲስ የመጣውን አይተው፣ ፈትነው፣ የሚጠቅመውን ያዙ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ሲመጡም ሕዝቡ ለመታከም ጎረፈ። «አባቶች ያላወቁትን አንቀበልም» የሚል ሰው የአባቶችን መንገድ ጠብቆ ሳይሆን ረስቶ ነው የሚናገረው።

የጓሯችን ዕፅዋት

ዳማከሴ በብዙ ደጋና ወይና ደጋ ቤቶች አጥር ሥር የሚበቅል የበሶብላ ዘመድ ነው። ሰው ምች መታው ሲባል፣ ማለትም ራሱን ሲያመው፣ ሲያተኵሰውና ከንፈሩ ሲቈስል መጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ነው። ጦስኝ በቀዝቃዛው ደጋ በራሱ የሚበቅል፣ እንደ ሻይ ተፈልቶ ለሳልና ለጉንፋን የሚጠጣ ሽታው ያማረ ተክል ነው። ጤና አዳም ስሙ እንደሚያመለክተው ከጤና ጋር የተያያዘ፣ በቡና ውስጥ የሚጨመር ቅጠል ነው።

ነገር ግን ነቢዩ እንዳስተማረን ሁሉም የየራሱ መጠን አለው። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ፅንስን ሊጐዳ ይችላልና ነፍሰ ጡር እናት ልትጠነቀቅ ይገባታል። የባሕር ዛፍ ዘይት ለሕፃን ቢጠጣ ወይም በአፍንጫው ቢጨመር መርዝ ሊሆንበት ይችላል። የፈላ ውኃ አጠገብ ሕፃንን አስቀምጦ ማጠን ደግሞ ለቃጠሎ ያጋልጣል። የማንኛውንም ቅጠል ጭማቂ በአፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብም የውስጡን ስስ ቆዳ ያቈስላል፤ ሕመምንም ያስገባል።

እንፋሎቱ የሚሰጠው እፎይታ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ እፎይታ ሁሉ ፈውስ አይደለም። ሳይነስ የምንለው በአፍንጫና በዓይን ዙሪያ ባሉ አጥንቶች ውስጥ የሚገኙ አየር የያዙ ክፍተቶች ሲያብጡና ሲዘጉ የሚመጣ ሕመም ነው። ተራ ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ይለቅቃል። ከ10 ቀን ካለፈ፣ ተሽሎ እንደገና ከባሰ፣ ብርቱ ትኵሳት ካለው፣ የዓይን ዙሪያ ካበጠ ወይም እይታ ከተዛባ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ጠበልና መድኃኒት

«ጠበል እየጠጣሁ መድኃኒት ብወስድ እምነቴ ይጐድላል» የሚሉ ወገኖቻችን አሉ። ለዚህም ከቅርቡ ታሪካችን መልስ አለን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በእንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ነበር። በዚያ ጊዜ የነበሩት ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለሆኑ አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አስተማሩ። በከባዱ ሕመም እንዲህ ከተባለ ለጉንፋን የሚወሰድ ዳማከሴ ወይም ሐኪም ያዘዘው ክኒን እንዴት እምነትን ያጐድላል?

የተሰወረው ዕውቀትና የእኛ ድርሻ

የሀገራችን ባለ መድኃኒቶች ዕውቀታቸውን ብዙውን ጊዜ ይሰውሩት ነበር። ለአንድ የተመረጠ ልጅ ብቻ ይነገራል፤ ያ ልጅ ከተማ ገብቶ ከቀረ ወይም ሳይማር አባቱ ካረፈ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። በሌላ በኩል ሜዳው ሲታረስ ዕፅዋቱ እየጠፉ ነው። በብዙ የሰሜን አካባቢዎች ሀገር በቀል ዛፎች ተጠብቀው የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። አባቶች ደኑን የጠበቁት ለቤተ ክርስቲያን ክብር ነው፤ በዚያም ውስጥ የመድኃኒት ዕፅዋትን ጭምር አቆዩልን።

ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ። የቅጠሉን ስም፣ ለምን እንደሚጠቅም፣ መጠኑንና ጕዳቱን ጻፉ። አስማቱን ተዉት፤ ቅጠሉን ያዙ። በአጥቢያችሁ ቅጥር ችግኝ ስትተክሉም ሀገር በቀሉን አትርሱ። ለታመመ ሰው ስትመክሩ ደግሞ «ጸልይ፣ ተጠመቅ፣ ታከም» በሉት እንጂ አንዱን በአንዱ አታስጥሉት።

በሚመጣው ክረምት አያታችሁ ዳማከሴውን አሽታ ስታቀርብላችሁ ቅጠሉን የፈጠረውን፣ ለእርሷም መጠኑን ያስተማራትን አምላክ አመስግኑ። በአሥረኛው ቀን ካልተሻላችሁ ደግሞ ያው አምላክ ጥበብን ወደ ሰጠው ሐኪም ሂዱ።

እግዚአብሔር አምላክ ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለሁላችንም ማስተዋልን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።