አዲስ አበባን ያቆማት ዛፍና የአጸዶቿ ታሪክ



ሳምንቱን ሙሉ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ስንታገል ሰንብተን፣ እሑድ በመጣ ጊዜ ልጆቻችንን ይዘን ወዴት እንሂድ ብለን የምንቸገር ብዙዎች ነን። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን በአዲስ አበባ ውስጥና ዙሪያ ስለሚገኙት የዛፍና የአበባ ሥፍራዎች ይሆናል። ይሁን እንጂ እነዚህን ሥፍራዎች ታሪካቸውን ሳያውቁ አይቶ መመለስ፣ ከደጀ ሰላም ደርሶ ሳይሳለሙ እንደ መመለስ የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ወደ ኋላ ጥቂት እንድንሄድ እለምናችኋለሁ።

እንደሚታወቀው ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱ ያወጡላት ስም የአበባ ስም ነው። ቤተ መንግሥቱም ሠራዊቱም ከእንጦጦ ብርድ ወርዶ በፍል ውሃው አጠገብ በሰፈረ ጊዜ፣ በየኮረብታው ላይ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ይገኝ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ቤት መሥራት፣ እንጀራ መጋገር፣ ጠላና ጠጅ መጥመቅ፣ ሌሊት እሳት መሞቅ ነበረበትና ምሳሩ ያለ ዕረፍት ሠራ። በአበባ የተሰየመችው ከተማ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት የምታነደው እንጨት አጣች።

በዚያን ዘመን እንጨት ሲያልቅ ከተማን ማዛወር የተለመደ ነገር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ግድም ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ዋና ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ዛሬ የምንኖርበት ሠፈር፣ የምንሠራበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ፍርስራሽ ሆኖ ሊቀር ጥቂት ነበር የቀረው። ለመቅረቱ ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ የውጭ አገር መልእክተኞች ቤታቸውን በድንጋይ ሠርተው ስለ ነበር መነሣት አልወደዱም። ይልቁንም ግን ቀደም ብሎ በ1887 ዓ.ም. ግድም ከባሕር ማዶ የገባው ዛፍ እያደገ መሄዱ ነገሩን ለወጠው። አገሩ አውስትራልያ ነው፤ ሕዝባችን ግን በመጣበት መንገድ ባሕር ዛፍ አለው። ያስመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቈረጥም ከጕቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እርሱም ደብረ ጽዮን ማርያም ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ እንጦጦ ስትወጣ በግራና በቀኝ የምታየው ይህንኑ ባለውለታ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተራራው ላይ መናፈሻ ተከፍቷል፤ መንገዱም መዝናኛውም አምሯል። እኔ ግን በዚያ በሄድሁ ቍጥር የሚታዩኝ ጀርባቸው ጐብጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቍልቍለቱን ሲወርዱ የኖሩት እናቶች ናቸው። የከተማችን ምጣድ ለብዙ ዘመን የጋለው በእነርሱ ወገብ ነውና፣ እኛ ለመንሸራሸር የምንረግጠው መንገድ አስቀድሞ የእነርሱ የሥራ መንገድ ነበር።

ባሕር ዛፍን በዛሬ ጊዜ የሚነቅፉት በዝተዋል። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስበቅልም የሚለው ነቀፌታ እውነትነት አለው። ሆኖም ከተማይቱን ያቆማትን ዛፍ እንደ ጠላት መቍጠር በእኔ አስተያየት ውለታ መርሳት ነው። ጥፋቱ የዛፉ ሳይሆን የአገሩን ዛፍ ጨርሰን ሌላ ሳንተካ የኖርነው የእኛ ነው።

የአገሩን ዛፍ ማየት የሚሻ ሰው ከከተማው ወጥቶ በወጨጫ ተራራ ላይ ወደሚገኘው መናገሻ ሱባ ደን ይሂድ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በነገሡበት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ ተራራው መራቈቱን አይተው ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ተብሎ ይነገራል። ቃሉ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክም በኋላ ደኑ እንዳይቈረጥ አስጠብቀውታል። እኔ ራሴ ጥድን ከዝግባ ለይቼ የማላውቅ የከተማ ልጅ ነበርሁ፤ በዚያ ጥላ ሥር ግን የዝግባው ቅጠል ቀጭንና ረዘም ያለ፣ የጥዱ ደግሞ እንደ ቅርፊት ተነባብሮ የተሰካካ መሆኑን በዓይኔ አይቼ ተማርሁ። ባለ ዕድል የሆነ ሰው የምኒልክ ድኩላን ያያል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን የሚሻለው በጋው ነው፤ ጋቢ መያዝ አይረሳ።

ያን ያህል መራቅ የማይመቸው ሰው በየሠፈሩ የቆዩትን አብያተ ክርስቲያናት ይመልከት። ምሳር የማይደፍረው አጸዳቸው፣ ሌላው ሁሉ ሲመነጠር ጥዱንና ወይራውን ይዞ ቆይቷል። በስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑልም በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ነው፤ ገነት በግእዝ የአትክልት ሥፍራ ማለት መሆኑን ብዙዎቻችን ሳናስብ እንጠራዋለን። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. ስለ ተከፈተው የአንድነት ፓርክ ብዙዎቻችሁ ስላያችሁት አላረዝምም።

በመጨረሻ የምነግራችሁ ስለ ጕለሌው የዕፀዋት ማዕከል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ተባብረው ያቋቋሙት ሲሆን፣ ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። ቦታው ቀድሞ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ የለበሰ ነበር፤ አሁን እርሱ በተቈረጠበት ሥፍራ ኮሶ፣ ወይራ፣ ጥድና ሌላውም የአገር ተክል እየተተከለ ነው። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የሚጠጡትን አበባ ስሙን እንጂ ዛፉን የማያውቅ ልጅ ካላችሁ፣ ይዛችሁት ብትሄዱ ቀይ ሆኖ ቍልቍል ሲንጠለጠል ያየዋል።

እኔ በሄድሁበት ቀን አንድ ሠራተኛ ጕልበቱን መሬት አስነክቶ ከአንድ ጕቶ የወጡትን የባሕር ዛፍ ቀንበጦች ይቈርጥ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሚቈርጠው ብጠይቀው፣ «ጌታዬ፣ ወር አይቆይም፤ ተመልሶ ይወጣል» አለኝ። ከጕቶው አጠገብ የተተከለችው ወይራ ገና ከጕልበቱ አላለፈችም ነበር።